«ለልጄ ሙዚቃ ማጫወቻ ልገዛ ነው፣ የቱን ልምረጥ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ጥሩ ውጤት አመጣች። ቃል ገብቼላት ስለነበር ስጦታ መግዛት አለብኝ። እሷ የምትፈልገው ስልክ ነው። እኔ ደግሞ ለጊዜው ስልክ አልሰጣትም ብዬ ቆርጫለሁ፤ አንደኛ ትምህርት ቤታቸው ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ሁለተኛ ቲክቶክ ላይ ተጥዳ ስታመሽ ማየት አልፈልግም። ግን ዘፈን ነፍሷ ነው። ዕቃ ስታጥብ ዘፈን፣ ጸጉሯን ስትሠራ ዘፈን። የኔን ስልክ ትወስድና ባትሪውን ጨርሳ ትመልስልኛለች። ስለዚህ ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ትንሽ ዕቃ ልግዛላት አልኩና ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዱ ሱቅ ያገለገለ አይፖድ አለ፣ ሲያዩት በጣም ያምራል። ሌላው ጋ ስሙን የማላውቀው አዲስ ዕቃ አለ፣ «64 ጊጋ ሚሞሪ አብሮ አለው» ይላሉ። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ስክሪን እንኳን የሌላት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል አለች። በጀቴ 5 ሺህ ብር ነው። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ከዚያ ሊያመጣልኝም ይችላል። ቤታችን ኮምፒውተር የለም። አቦ ግራ ገባኝ፣ የቱን ልግዛ?

የልጅ እናት፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ለልጅሽም እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ።

ስለ ስልኩ አልከራከርሽም። ልጅሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ስትሰጫት «ስልክ ስለከለከልኩሽ ይሄን እንኪ» አትበያት። «ዘፈን እንደምትወጂ ስለማውቅ ነው» በያት። ለ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ማባበያ ነው፣ ሁለተኛው ስጦታ።

አሁን ወደ ዕቃው። ሰው ማጫወቻ ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው ስንት ጊጋ ነው፣ የማን ሥራ ነው፣ ሌላ ቀለም አለው ወይ እያለ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ማን ይሞላዋል? ዘፈኑ ከየት መጥቶ በምን በኩል ነው ውስጡ የሚገባው? ይሄ ካልታሰበበት ዕቃው ከጂቡቲም ይምጣ ከታይዋን በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የተጫኑት 40 እና 50 ዘፈኖች ይሰለቿታል። አዲስ ዘፈን ይወጣል፣ ጓደኞቿ ይዘፍኑታል፣ እሷ ጋ ግን የለም። ከዚያ ተመልሳ ያንቺን ስልክ ነው የምታነሳው።

ቤታችን ኮምፒውተር የለም ብለሻል። ይሄ ብቻውን አይፖዱን ከምርጫ ያስወጣዋል። አይፖድ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2001 ሲወጣ ኪስ ውስጥ ሺህ ዘፈን ይዞ መዞርን ያስለመደ እሱ ነው። ግን እንደ ፍላሽ አይሠራም። ገመድ ሰክተሽ ዘፈን ኮፒ ብታደርጊበት አያጫውተውም፤ ኮምፒውተር ላይ እንደ አይቲዩንስ ያለ ፕሮግራም ተጭኖ በዚያ በኩል ነው የሚቀበለው። እድሜውንም አስቢ። አፕል አይፖድ ክላሲክን በ2014፣ ናኖንና ሸፍልን በ2017 አቁሟል፣ የመጨረሻውን አይፖድ ታችንም በ2022 ማቆሙን አስታውቋል። ታይዋን ያየሽው ላዩ ምንም ቢያብረቀርቅ ውስጡ ያለው ባትሪ ያረጀ ነው፤ እሱም ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ከፍቶ መቀየር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ታች የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው። የበፊቱ ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ ሸጦት ከሆነ፣ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ የማታውቁትን ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ያ ከሌለ አይከፈትም። በቃ፣ ዕቃው የለም ማለት ነው።

ስክሪን የሌላትንም ተያት። ለስፖርት ትሆናለች። ልጅሽ ግን የምትፈልገውን ዘፈን መርጣ የምትሰማ ልጅ ናት፤ 300 ዘፈን ውስጥ አንዱን ለማግኘት ቁልፍ ስትጫን አትዋል።

የምቆየው «64 ጊጋ አብሮ አለው» በተባለው ላይ ነው፤ በዚህ ነገር እኔም ተሸውጃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ለእህቴ ልጅ ማጫወቻ ገዛሁ። የትኛው ሱቅ እንደሆነ አልናገርም። ሚሞሪው ላይ 64 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ኮምፒውተር ላይ ስሰካውም 64 ይላል። አንድ ሙሉ ማታ ተቀምጬ ዘፈን መረጥኩለት፤ የሚወደውንም የማያውቀውንም፣ አያቱ የምትወደውን መንዙማ ሳይቀር ጫንኩበት። በማግስቱ ከሰዓት መጣና «አጎቴ፣ ይሄ አይዘፍንም» አለኝ። ተቀብዬ አየሁት። የዘፈኑ ስም አለ። ርዝመቱ ላይ 0:00 ይላል። ቀጣዩንም ነካሁት፣ እንደዚያው። አንዱ ዘፈን ጭራሽ ጥሩ ይጀምርና መሃል ላይ ቋ ብሎ የሌላ ዘፈን ድምፅ ይገባበታል። ልጁ እሱ ያበላሸው መስሎት ደንግጦ ነበር፤ «ምንም አላደረግኩትም» ይለኛል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እስካሁን የሚያናድደኝ የጠፋው ብር አይደለም፣ ያ ፊቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሸት ሚሞሪ ማለት እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ ሆኖ ሳለ 64 ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩም ስልኩም ያንን አምኖ ያሳያል። 8ቱ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባው ወይ ይጠፋል ወይ ቀድሞ በገባው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ምንም ዋጋ የለውም፤ ማረጋገጫው ካርዱን ከዳር እስከ ዳር መሙላትና መልሶ ማንበብ ነው። ይህንን የሚሠራ ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተር ያለው የሰፈር ልጅ ወይም የምታምኝው ሞባይል ቤት ባዶውን ካርድ ይሞክርልሽ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ጥለሽው ሂጂና ተመለሺ።

ደግሞም 64 ጊጋ አያስፈልጋትም። በተለመደው የኤምፒስሪ ጥራት፣ ማለትም በ128 ኪሎቢት፣ አንድ ደቂቃ ዘፈን 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የኛ ዘፈን 5 ደቂቃ ይሄዳል እንበል፣ 5 ሜጋ ሆነ። 8 ጊጋ ላይ ብቻ ከ1,500 በላይ ዘፈን ይገባል። ጥራቱ ከፍ ብሎ 320 ቢሆን እንኳን አንዱ ዘፈን 12 ሜጋ ገደማ ነው፤ 16 ጊጋ ላይ ከ1,200 በላይ ይይዝልሻል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋ በላይ ያለ ካርድ አያነቡም፣ ከ32 በላይ ያሉት የሚመጡበት ፎርማት ሌላ ስለሆነ። ስለዚህ አብሮት የመጣውን ሚሞሪ እንደሌለ ቁጠሪው። ኦሪጅናል 16 ወይም 32 ጊጋ ለብቻው ግዢ።

ታዲያ ማን ይሞላዋል? ያለ ኮምፒውተር ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ስልክሽ የሚሞሪ ቦታ ካለው ካርዱን ከማጫወቻው አውጥተሽ ስልክሽ ላይ ከተሽ፣ ዘፈኑን ኮፒ አድርገሽ መመለስ ነው። ስልኩ «ካርዱን ፎርማት ላድርግና የራሴ ማስቀመጫ ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀሽ እምቢ በይው፤ እሺ ካልሽው ካርዱ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ማጫወቻውም ከዚያ በኋላ አያነበውም። ሁለተኛው ኦቲጂ ነው። ያቺ የፍላሽ መሰኪያ፣ ሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ጋ አለች። አንዱ ጫፍ ስልክሽ ላይ፣ ሌላው የማጫወቻው ገመድ ላይ። ማጫወቻው ስልኩ ላይ እንደ ፍላሽ ሆኖ ከመጣ ተገላገልሽ፤ ልጅሽ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በይው፣ አጠገብሽ ቁጭ ብላ አዲስ ዘፈን ትጭናለች። ስልክሽን የምትወስደው ለግማሽ ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዩቲዩብ ውስጥ «ዳውንሎድ» ተብሎ የተቀመጠ ዘፈን ከዩቲዩብ አይወጣም፤ እዚያው አፕ ውስጥ ብቻ ነው የሚሰማው። ሌሎቹ የሙዚቃ አፖችም በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው። ማጫወቻው የሚፈልገው ራሱን የቻለ ፋይል ነው፣ ያውም ኤምፒስሪ። በቴሌግራም የሚመጡት አንዳንዶቹ ኤምፎርኤ የሚባሉ ናቸው፣ እነሱን የማያነብ ማጫወቻ አለ። ሙዚቃ ቤት ሄዶ በካርድ ማስጫን ቀላሉ መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁላችንም አድርገነዋል፤ ግን ዘፋኙ እጅ ሳንቲም አይገባም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ልጅሽ የምትወደው ዘፋኝ ሥራውን ራሱ የሚሸጥበት መንገድ ካለ ከበጀትሽ ላይ አንድ አልበም ግዢላት። በስጦታው ላይ ሌላ ስጦታ ይሆናል።

ሱቅ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የራስሽን ኤርፎንና ሦስት ዘፈን የተጫነበት ካርድ ያዢ። አንዱ ዘፈን ስሙ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ይሁን፣ ሁለተኛው የኦሮምኛ ዘፈን በቁቤ የተጻፈ፣ ሦስተኛው ኤምፎርኤ። ይሄ ለድሬ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። የኛ ከተማ ልጅ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይሰማም፤ የድሬው ዓሊ ቢራ ራሱ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም የዘፈነ ሰው ነው። ካርዱን ስትከቺ ምን እንደሚሆን ታያለሽ፤ የኦሮምኛው ርዕስ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ሶማሊኛም ቢሆን በላቲን ስለሚጻፍ ችግር የለበትም፣ የአማርኛው ግን ባዶ ሳጥን ሳጥን ይደረድራል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ አለ፤ ርካሽ ዕቃ የሚሠሩት ግን ፎንቱን አይጭኑበትም። ፊደሉን የሚያሳይ ካገኘሽ እሱን ያዢ። ካላገኘሽ ስሞቹን በላቲን መጻፍ ነው። የፋይሉን ስም ቀይረሽም ሳጥኑ ካልጠፋ፣ ማጫወቻው የሚያሳየው ዘፈኑ ውስጥ የተጻፈውን ስም ነውና ስልክ ላይ በሚሠራ የታግ ማስተካከያ አፕ ይስተካከላል። ልጅሽ ከአንቺ በፊት ትለምደዋለች።

ሌላው ቶሎ የሚታይ ነው። ቁልፍ ያለው ይሁን፣ ኪስ ውስጥ እያለ ሳታየው ዘፈን እንድትቀይር። ቁልፉን የሚቆልፍ ማብሪያ ይኑረው። የኤርፎኑ ቀዳዳ የተለመደው 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። ቻርጅ ማድረጊያው ታይፕሲ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ገመዱ ቢጠፋ የስልኩ ይሠራል። ባለቤትሽ ከጂቡቲ የሚያመጣ ከሆነ ሳንዲስክ ክሊፕ ጃም ወይም ክሊፕ ስፖርት ካገኘ እነሱ ይሆኗታል፤ ትንንሽ ናቸው፣ ልብስ ላይ ይሰካሉ፣ አምራቹ ለመጀመሪያው 18 ሰዓት፣ ለሁለተኛው 25 ሰዓት ያጫውታል ይላል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ እኔ ከዚሁ ከድሬ እገዛለሁ። ከጂቡቲ የመጣ ዕቃ ቢበላሽ ማን ይመልሰዋል? ታይዋን ግን በባጃጅ ትደርሻለሽ። ብሩን ከመክፈልሽ በፊት «ካልሠራ እስከ ነገ እመልሳለሁ» ብለሽ ተስማሚ፣ ደረሰኝ ላይም አጽፊው።

5 ሺውን ሁሉ ማጫወቻው ላይ አታፍስሺው። ከላዩ ለሚሞሪ ቀንሺ፣ ለደህና ኤርፎን ቀንሺ፣ በተረፈው ማጫወቻ ግዢ። አብሮት የሚመጣው ኤርፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚረባ አይደለም፤ መካከለኛ ማጫወቻ በጥሩ ኤርፎን ሲሰማ፣ ውድ ማጫወቻ በመናኛ ኤርፎን ከሚሰማው ይበልጣል።

ስለ ሙቀቱ ሳልነግርሽ አላልፍም። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው፣ ጠላቱ ሙቀት ነው። የእህቴ ልጅ ያንን ማጫወቻ መስኮት ላይ ትቶት ይሄድ ነበር። ግንቦት ላይ ነው፣ የድሬን ግንቦት ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን ሳነሳው ስክሪኑ ከጎኑ ተነስቷል፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት፣ ጀርባው ደግሞ ሆድ አውጥቷል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ይወዛወዛል። ባትሪው አብጦ ነው። እንዲህ ከሆነ ቻርጅ ማድረግ የለም፣ መጫንም መብሳትም የለም፤ ወዲያው ጠጋኝ ጋ ነው የሚወሰደው። የባለቤትሽ መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ፣ ትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ ላይ፣ እነዚህ ሦስቱ ቦታ እንዳታስቀምጠው ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያት።

አንድ የምወደውን ነገር ልጨምር። ሶኒ በፈረንጆቹ 1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ የኤርፎን ቀዳዳው ሁለት ነበር፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ። ዛሬ ያንን የምታደርግ ለሁለት የምትከፈል ጃክ አለች፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ለልጅሽ ስትገዢ እሷንም ግዢ፣ ማታ ቡና አፍልተሽ የምትወጃቸውን የድሮ ዘፈኖች አሰሚያት፤ እሷም የሷን ታሰማሽ።

ጥያቄ

ሰላም ነው? ከሐረር፣ ከጁገል ውስጥ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ ማጫወቻ አለው፣ ኤርፎኑ ግን በየሁለት ወሩ ይበጠሳል። ለልደቱ ብሉቱዝ ልግዛለት ወይስ ባለገመድ? ጓደኞቼ ሁሉ ብሉቱዝ ይሉኛል።

ታላቅ ወንድም፣ ከሐረር

መልስ

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ማጫወቻው ብሉቱዝ እንዳለው እይ። የስልክ ሐሳብ ይዘህ ገዝተህ ቤት ስትደርስ ማጫወቻው የማያውቀው ሆኖ እንዳታገኘው።

ብሉቱዝ ቢኖረውም እኔ ባለገመድ ነው የምገዛለት። ሁለቱ ጆሮ ላይ የሚሰኩት ለየብቻ ባትሪ አላቸው፣ መያዣውም ሌላ ባትሪ ነው፤ ማጫወቻውን ስትጨምር አራት ባትሪ ቻርጅ ይጠብቃል። መብራት የጠፋ ቀን አስበው። በጁገል ጠባብ መንገድ ሲሮጥ አንዷ ወድቃ ድንጋይ ለድንጋይ ብትገባ ደግሞ የቀረችው ብቻዋን ምን ትሠራለች? ሬዲዮ የሚሰማ ልጅ ከሆነም አስተውል፤ ማጫወቻው ላይ ያለው ኤፍኤም አንቴናው የኤርፎኑ ገመድ ነው። ገመድ ከሌለ አይስብም።

በየሁለት ወሩ የሚበጠሰው የት ጋ እንደሆነ እየው። ጃኩ ሥር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፣ ማጫወቻው ላይ ጠምጥሞ ኪሱ ውስጥ ስለሚከተው ነው። ጃኩ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ክርን የታጠፈ ግዛለት፣ ገመዱንም ሳይጠመጥም ልቅ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ ይያዘው። የሚሰካው ጎማም በሦስት መጠን የሚመጣ ይሁን፣ የጆሮውን ልክ ይምረጥ። የጎማው ነገር ቀላል እንዳይመስልህ፣ ለምን እንደሆነ ከታች ለአንድ አባት በሰጠሁት መልስ ላይ ታገኘዋለህ።

ኳስ የሚጫወት፣ ጠዋት የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ግን ብሉቱዙ ይሻለዋል፤ ያኔ ሁለቱ በገመድ የተያያዙ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ውሰድለት።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው የምኖረው። ለ13 ዓመት ልጄ ሙዚቃ ማጫወቻ የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን እየጸጸተኝ ነው። ከጆሮው አይነቅለውም። አጠገቤ ተቀምጦ የሚሰማው ዘፈን ለኔ ቃል በቃል ይሰማኛል። ስጠራው አይሰማኝም። ሰሞኑን ደግሞ «ጆሮዬ ጭው ይላል» ብሎ ለእናቱ ነገራት። ልቀማው ወይ?

አንድ አባት

መልስ

ጋሼ፣ አይቀሙት። ግን ዛሬውኑ ዝም ብለውም አይተዉት። «ጭው ይላል» ማለቱ ጆሮው ከሚችለው በላይ እንደተጫነበት የሚናገር ምልክት ነው። ለጥቂት ቀን ኤርፎኑን ጭራሽ ያሳርፈው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካልለቀቀው፣ ወይም የመስማት ችሎታው የቀነሰ ከመሰላችሁ፣ የጆሮ ሐኪም ይየው። እስከዚያ ድረስ ክብሪትም ሆነ የጸጉር ሽቦ ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ፤ ጭውታው ከቆሻሻ ነው ብሎ የሚቆፍር ሰው ብዙ ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ልንገርዎ፣ ለልጁም በዚሁ መልኩ ሊነግሩት ይችላሉ። የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉ ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን ሴሎች አሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲበዛባቸው ይደክማሉ፣ ሲደጋገም ይሞታሉ። የሞቱት መልሰው አይበቅሉም። የጆሮ ነገር ክፉቱ ይሄ ነው፣ አያምም፤ ልጁ ምንም ሳይሰማው ዓመት ሁለት ዓመት ይሄዳል።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ አለ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ ዝቅ ብሎ 75 ዴሲቤል ነው። ሰው በተለመደው ድምፅ ሲያወራ 60 አካባቢ ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። አስቡት፣ በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት የነበረው በ90 ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፣ በ100 ደግሞ በሳምንት ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ይሄ የአዋቂው ነው፣ የልጁ ከዚያም ያነሰ ነው። ጫፍ ድረስ ሲከፈቱ 100 አካባቢ የሚደርሱ ማጫወቻዎች ብዙ ናቸው። አጠገብዎ ተቀምጦ ቃሉ ሁሉ ለእርስዎ የሚሰማ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ከልክ አልፏል።

ቤት ውስጥ ዴሲቤል መለኪያ የለም፣ አያስፈልግምም። ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ገደብ የሚል ካለው እሱን ያስተካክሉለትና ይተዉት። ከሌለው ከሙሉው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆምበትን ቁጥር አብራችሁ ምረጡ፣ «ከዚህ አይለፍ» ብላችሁ ተስማሙ። መስማማቱ ላይ እጸናለሁ፤ በትእዛዝ የተቀነሰ ድምፅ እርስዎ ዘወር ሲሉ ይጨመራል። በየሰዓቱ ደግሞ ኤርፎኑን አውልቆ ጆሮውን ያሳርፍ።

ከዚያ ለምን እንደሚያስጮኸው ይጠይቁት። እኔ የጠየቅኳቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሱልኝ «ውጭው ስለሚጮህ» ነው። እውነታቸውን ነው። ባጃጅ አለ፣ የጎረቤት ስፒከር አለ፣ ገበያ መሃል አለ፤ ልጁ ያንን ለመብለጥ ይጨምራል፣ ቤት ሲገባ ግን መልሶ አይቀንሰውም። እዚህ ላይ ነው ከላይ ለሐረሩ ወንድማችን ያልኩት ጎማ የሚጠቅመው። ለጆሮው ልክ የሆነ ጎማ የውጩን ድምፅ ይከለክላል፣ በዝቅተኛ ድምፅ ጥርት አድርጎ ይሰማል። መጠኑን ለማወቅ ሰክቶት ያለ ዘፈን ራሱን ነቅነቅ ያድርግ፤ የሚወልቅ ከሆነ ጠቦታል ወይም ሰፍቶታል፣ ሌላውን ይሞክር። ይህን የመሰለ ኤርፎን አድርጎ ግን መንገድ አያቋርጥ። ከኋላው የሚመጣውን ባጃጅ አይሰማውም። አስፋልት ዳር ሲደርስ ሁለቱንም ያውልቅ፣ ይህን እንኳን በትእዛዝም ቢሆን ያስገድዱት።

ስጠራው አይሰማኝም ላሉትም አንድ ነገር ይሞክሩ። ኤርፎኑ ጆሮው ላይ ሳይኖር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ፣ ከክፍሉ ማዶ በዝግታ ስሙን ይጥሩት። ዞር ካለ ያስቸገረው ዘፈኑ ነው፣ ያንን ከላይ በነገርኩዎ መንገድ ታስተካክሉታላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ሞክረው ካልዞረ ግን ጭውታው ቢለቀውም ሐኪም ጋ መሄዱን አያዘግዩት።